አሥራ ሦስተኛዋ ጅራት

ሰው ጥፋቱን ሌላ ሰው እንዲያወራለት አይፈልግም፤ እኔም የራሴን በራሴ አፍ ብናገር ይሻለኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ለባሕር ኃይል ባንዲራ ሰፍቻለሁ። መርከብ ላይ መውጣት አይሆንልኝም፤ ገና መወጣጫውን ስረግጥ ሆዴ ይገለበጣል። ግን መርከቦቻችን ላይ የሚውለበለብ ጨርቅ ካያችሁ በእነዚህ ጣቶች ያለፈ ነው። ሠራተኛው «እትዬ መርፌ» ይለኛል። ስለምሰፋ ሳይሆን ስለምወጋ ነው የሚሉም አሉ። ይበሉ።

መጀመሪያ ጅራት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጅራት ስምንት ክንድ የምትረዝም፣ እንደ ቀበቶ የቀጠነች ባንዲራ ናት። መርከብ አገልግሎት ስትጀምር ምሰሶዋ ላይ ትሰቀላለች፤ መርከቧ ጡረታ እስክትወጣ ድረስም ያ ምሰሶ ባዶውን አያድርም። ፀሐይና ጨው ስለሚበላት በየዓመቱ በአዲስ ትቀየራለች። መርከቦቻችን አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ በዓመት አሥራ ሁለት ጅራት እሰፋለሁ። ንብረት ክፍል መጥቶ ይወስዳል፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ፕላን ክፍል መርከቦቹን የሚቆጥረው ወደብ ወርዶ አይደለም። ድሮ ይወርድ ነበር። አንድ ዓመት ቆጣሪዎቹ ከሰሜኑ የመርከብ ማቆሚያ ጀመሩ፤ ምሳቸውን በልተው ደቡቡ ማቆሚያ ሲደርሱ፣ ጠዋት የቆጠሯት አንዲት መርከብ እነሱ ሲያኝኩ ቦታ ቀይራ ጠበቀቻቸው። ደግመው ቆጠሯት። ለዚያች መንታ መርከብ ዓመቱን ሙሉ ነዳጅና ብስኩት ተመደበላት። አድሚራሉ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱና «ከዛሬ ጀምሮ መርከብ እንዳትቆጥሩ! ጅራት ቁጠሩ! መርከብ ይሄዳል፣ ጅራት መዝገብ ላይ ነው!» ብለው አዘዙ። ትእዛዙ በመስታወት ተለብጦ እስከ ዛሬ ፕላን ክፍል ግድግዳ ላይ አለ።

አሁን ወደ ልጄ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ሌተናንት ናት። ሰባት ዓመት መርከብ ላይ፣ አራት ዓመት ፕላን ክፍል ሠርታለች። ሌላው ሰው ባል ይመኛል፣ ቤት ይመኛል፤ የኔዋ የምትመኘው የራሷን መርከብ ማዘዝ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ለአዛዥነት ታጨች፣ ሁለት ጊዜም ለሌላ ሰው ተሰጠባት። ሁለቱንም ጊዜ ቤት ገብታ ቁጭ ብላ ጫማዋን ቀለም ቀባች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ደግሞ ክፉ ነው፤ ሦስት ጊዜ ታጭቶ ያልተሳካለት ከእጩዎች ዝርዝር ለዘላለም ይሰረዛል ይላል። ዘንድሮ የሰባተኛዋ ጠባቂ መርከብ አዛዥ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ልጄ ከሌላ አንድ ሰው ጋር ታጨች። ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ መሆኗ ነው።

ዘንድሮ የአምስት ዓመቱ የዕድገት ፕላንም የሚቀርብበት ዓመት ነው። ከአሥራ ሁለት መርከብ ወደ አሥራ ስምንት። የምታዘጋጀው ልጄ ናት፤ አለቃዋ ደግሞ ኮማንደር ሢሶ። ሢሶ ስማቸው አይደለም፤ የወጣላቸው ነው። ሰውየው ዓለምን የሚያዩት ለሦስት ከፍለው ነው። «አንድ መርከብ ባሕር ላይ እንድትኖርህ ሦስት ያስፈልግሃል» ይላሉ፤ «አንዷ ባሕር ላይ፣ አንዷ ጥገና፣ አንዷ ልምምድ።» አሥራ ሁለቱን መርከቦች ሦስት ሦስት አድርገው በአራት ቡድን ያደራጁት እሳቸው ናቸው፤ ሦስት ቡድን ጠባቂ፣ አንድ ቡድን ፈንጂ ጠራጊ። አራት ወር ባሕር፣ አራት ወር ጥገና፣ አራት ወር ልምምድ። የመርከበኛ ሚስት ሁሉ ይህን ሰንጠረዥ እንደ ጸሎት በቃሏ ታውቀዋለች፤ ባሏ መቼ ቤቱ እንደሚያድር የምታውቀው በእሱ ነዋ። ሰውየው ዳቦ እንኳ ሲገዙ ሦስት ነው አሉ፤ አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ፣ አንዱ ምናልባት አንደኛው ቢሻግት።

ልጄ መታጨቷን የሰማሁ ቀን ደስታዬ ሊያሳብደኝ ደረሰ። እሷ የአራት ወር ሥልጠና ላይ ስለነበረች አጠገቤ የለችም፤ የማቅፈው ሰው አጣሁ። የዓመቱን አሥራ ሁለት ጅራት ጨርሼ ጠረጴዛ ላይ አጣጥፌያለሁ፤ የተራረፈ ጨርቅ አለኝ። እጄ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ አንዲት ጅራት ለልጄ ሰፋሁላት። መርከቧን ስትረከብ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ ልሰቅልላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ሰፍቼ፣ አጣጥፌ፣ ከሌሎቹ አጠገብ አስቀምጬ፣ የሚያመኝን ጥርስ ላስነቅል ሄድኩ።

ስመለስ ጉንጬ አብጧል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መጥቶ ሁሉንም ወስዷል። ይሄ ሰው ጥላውን እንኳ ሳያስፈርም አያሳልፍም፤ ግን ያገኘውን ይመዘግባል እንጂ አይጠይቅም። እኔም የልጄን ጅራት ሳጣት የሆነ መሳቢያ ውስጥ የከተትኳት መስሎኝ ሦስት ቀን መሳቢያ ስበረብር ሰነበትኩ። ማደንዘዣው አእምሮዬ ላይ ወጥቶ ነው መሰለኝ፣ እሱን መጠየቅ አንዴም አልታሰበኝም።

ልጄ ከሥልጠና ተመለሰችና በቀጥታ ፕላኑ ላይ ተተከለች። በሳምንቱ ረቡዕ ማታ እራት ላይ ሦስታችንም ተቀምጠናል፤ እሷ፣ እኔና አባቷ። አባቷ ጡረታ የወጣ የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያዳምጥ ስለኖረ አሁንም ከመናገር መስማት ይወዳል። እሷ አፏን ሞልታ ትስቃለች።

«ኮማንደር ሢሶ ሊያብዱ ነው» አለች። «ነገ አድሚራሉ ፊት እናቀርባለን፤ ሰውየው ግን አሥራ ሦስትን ለሦስት ማካፈል አቅቷቸው ፀጉራቸውን ሊነጩ ነው።»

«አሥራ ምን?» አልኩ።

«አሥራ ሦስት። መርከቦቻችን አሥራ ሦስት ሆነዋል እኮ። እኔ ከመሄዴ በፊት ጉምሩክ ከኮንትሮባንዲስቶች የያዛትን ጀልባ ለባሕር ኃይል ሊያስረክብ ነው ይባል አልነበር? እኔ በሌለሁበት ተረክበናታል ማለት ነው። መዝገቡ ላይ አሥራ ሦስት ጅራት አለ። ምስኪን ኮማንደር፣ 'አንድ ሢሶዋን ባሕር ላይ፣ አንድ ሢሶዋን ጥገና ብናደርጋትስ' ብለው ሲጠይቁኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ!»

የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አባቷ ውሃ አቀበለኝ፤ ሲያቀብለኝም ዓይኔን አየኝ፣ ከዚያ ጣቶቼን አየ። አወቀ። ሰላሳ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሮ እንዴት አያውቅ?

ልጄ ወደ ክፍሏ ገብታ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች መዝፈን ጀመረች። «ንገሪያት» አለኝ አባቷ ቀስ ብሎ። በሩ ድረስ ሄድኩ። እጄን አነሳሁ። እሷ ትዘፍናለች፤ ድምፅ ሲታደል ከእኔ አልወሰደችም፣ ከአባቷም አልወሰደች፣ አሰቃቂ ነው፤ ግን እንዲያ ስትዘፍን ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ የሚዘፍን ሰው እንዴት አድርገው ነው የሚነግሩት? «ጠዋት እነግራታለሁ» ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፤ ምላሴ ለሰው ሁሉ ይረዝማል፣ ለልጄ ሲሆን ያጥራል።

ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል፣ እሷ የለችም። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አባቷ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አውጥቶ በር ላይ አስቀምጦልኛል። «ሩጪ» አለኝ።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ሮጥኩ። የጠቅላይ መምሪያው በር ላይ ያለው ዘብ «እትዬ፣ ዛሬ ስብሰባ ስላለ እንግዳ አይገባም» አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ልጠግነው የያዝኩት አንድ የተቀደደ ባንዲራ ነበር፤ አውጥቼ ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። «እኔን አግድ፤ ባንዲራውን ግን ማገድ ከቻልክ አግደው!» አልኩት። ልጁ ደንግጦ ሰላምታ ሰጠ። ባንዲራውን ወደፊት ዘርግቼ፣ ከኋላው ተሸሽጌ፣ እንደ ሠርገኛ ገባሁ። በየኮሪደሩ ያለው መኮንን ሁሉ ቀጥ ብሎ እየቆመ ሰላምታ ሰጠኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም፤ ሰዓቱ ባይሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ እዞር ነበር።

የአዳራሹ በር ገርበብ ብሏል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ወርቅ ክር የለበሱ ትከሻዎች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ መርከቦቹ በካርቶን ተቆርጠው ተለጥፈዋል። ሰማያዊ ባሕር ላይ፣ ቢጫ ጥገና፣ አረንጓዴ ልምምድ። አሥራ ሦስተኛዋን ኮማንደር ሢሶ ቀለም አጥተውላት ሐምራዊ ቀብተዋታል፤ ብቻዋን ጥግ ላይ ተለጥፋለች። ልጄ ሰሌዳው አጠገብ በዘንግ እየጠቆመች ቆማለች።

አድሚራሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮማንደር፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ወደብ ላይ በእግሬ ስንሸራሸር ነበር። ይህችን ሐምራዊ መርከብ አላየኋትም።»

ኮማንደር ሢሶ ተገትረው ቆሙ። «ጌታዬ፣ መርከብ እንዳንቆጥር አዘውናል።»

«አላየኋትም ነው የምልህ!»

«አዎ ጌታዬ። ማየትም ከመቁጠር ይቆጠራል ብለን፣ እኛም አላየናትም።»

ከጠረጴዛው አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አድሚራሉ ወደ ልጄ ዞሩ። «ሌተናንት፣ የት ናት መርከቧ?»

ልጄ አፏን ከፈተች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት። ከዚህ በላይ መቆም አልቻልኩም። በሩን በርግጄ «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አድሚራሉ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እርስዎ ነዎት መርከቧ?»

«ጥፋተኛዋ ነኝ፣ አፈር ልብላ! መርከብ የለም። ጅራቷን የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ በትርፍ ጨርቅ፣ ለልጄ መኝታ ቤት። ጥርሴን ልነቀል ስሄድ ንብረት ክፍል ወሰዳት። ልጄ ምንም አታውቅም። እኔን እሰሩኝ፣ እኔን አባሩኝ፣ መርፌዬን ንጠቁኝ፣ እሷን ግን አትንኩብኝ!» አልኩና ያን የተቀደደ ባንዲራ አፌ ላይ አድርጌ ማልቀስ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ሳቁ ከየት እንደተነሳ አላውቅም። ከአንዱ ጥግ ተነሳና ጠረጴዛውን ዞረው። የፈንጂ ጠራጊዎቹ አለቃ ወንበራቸውን ይዘው ይንፈራፈራሉ። ኮማንደር ሢሶ ግን እንደ ሕፃን ፊታቸው በራ፤ «አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት ነን! ለሦስት እንካፈላለን!» እያሉ ሐምራዊዋን ካርቶን ነቅለው ደረታቸው ላይ ለጠፉ። እኔ እያለቀስኩ ሳቅ ያዘኝ፤ በዚያ በተነቀለው ጥርስ በኩል እየተፏጨ ይወጣል።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አድሚራሉና ልጄ።

«እናትሽ ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ» አሏት አድሚራሉ።

«አይደለም ጌታዬ» አለች። «እናቴ የሰፋችው ለግድግዳ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ፕላን ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ወደቡ ከቢሮዬ አምስት ደቂቃ ነው። ወርጄ ማየት ነበረብኝ።»

አድሚራሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትሽን ነው። አምስት ደቂቃ ተራምዶ መርከቡን ላላየ ሰው የጦር መርከብ አላስረክብም። ሰባተኛዋ ጠባቂ ለሌላው እጩ ትሰጣለች።»

እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር። ሳቁ ሁሉ ተቆረጠ። ሦስተኛዋ ዕድል አለቀች፤ የጨረስኳት ደግሞ እኔ፣ በገዛ መርፌዬ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልጄ እኔን አላየችም። «ታዝዣለሁ ጌታዬ» ብላ ዘንጓን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሌላ ጣጣ አለ» አሉ አድሚራሉ፤ ግንባራቸውን እያሹ። «የተመዘገበ ጅራት በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተሰቀለ መዝገቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ ያን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ። መዝገቡ ከፈረሰ ደግሞ እንደገና ወደብ ወርዶ መቁጠር ሊመጣ ነው። ምን ይሻላል? ጅራት አለን፣ መርከብ የለንም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ።»

ያኔ ልጄ «ጌታዬ፣ ላሟስ ወደብ ላይ አለች» አለች።

ማንን እንደምትል ሁላችንም ወዲያው አወቅን። ላሚቱ! ከደቡቡ ማቆሚያ ጫፍ የታሰረች፣ ሆዷ የተነፋ፣ ለመርከቦቹ የሚጠጣ ውሃ የምታድል አሮጌ ጀልባ አለች፤ ቱቦዎቿ ከጎኗ ስለሚንጠለጠሉ ነው መርከበኛው ላሚቱ ያላት። እሷ ከባሕር ኃይል መርከቦች አትቆጠርም፤ በወደብ ጽዳት ክፍል ሥር፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ነው የተመዘገበችው። እንደገና ሳቅ ሊነሳ ሲል ልጄ ዘንጓን መልሳ አነሳች።

«ከተናገርኩ አይቀር ልጨርስ» አለች። «ፕላኑ አባሪ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አባሪ ማንም ስለማያነብ ማንም አላነበበውም። መርከቦቻችን የሚይዙት ውሃ የዘጠኝ ቀን ነው፤ በአራት ወሩ የባሕር ተራቸውም በየዘጠኝ ቀኑ ውሃ ሊሞሉ ይመለሳሉ። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ። ባሕር ላይ በትክክል የሚጠብቁት አምስት ቀን ብቻ ነው። ያን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለን ለአምስት ቀን! ላሚቱ እዚያው ድረስ ውሃ ብታደርስላቸው ሃያ ቀን ይቆያሉ፤ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚያልፈው አራት ቀን ሲቀነስ አሥራ ስድስት ቀን ይጠብቃሉ። ስድስት አዲስ መርከብ ለመጨመር አምስት ዓመት እንለፋለን፤ ያሉንን ከእጥፍ በላይ የምታሠራ አንዲት ጀልባ ግን እዚህ መጥረጊያ ተሸክማ ቆማለች። ዕድገት የምንለው መድፍ ያለውን ብቻ ከሆነ፣ አሥራ ስምንት የተጠማ መርከብ ነው የሚኖረን።»

አድሚራሉ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ አድሚራል በጣቱ ሲቆጥር አይቼ አላውቅም። አምስት፣ አሥራ ስድስት። እንደገና ቆጠሩ።

«ጌታዬ!» ኮማንደር ሢሶ ሐምራዊዋን ካርቶን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዘለው ተነሡ። «አንድ ናት እኮ! አንድን ለሦስት እንዴት እንክፈላት? መቼ ትጠገን? መቼ ትለማመድ?»

«እንግዲያው ከስድስቱ አዳዲስ መርከቦች ሁለቱ የእሷ እህቶች ይሁኑ» አሉ አድሚራሉ፤ «ፕላኑን አስተካክል። እስከዚያ ብቻዋን ትችለዋለች። ጅራቷን ስቀሉላት። አዛዥ ማን ይሁናት?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ውሃ ለመቅዳት ማን መኮንን ሆነ?

«የጦር መርከብ አላስረክብሽም ነው ያልኩሽ» አሉ አድሚራሉ ወደ ልጄ እያዩ፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ነገር ያየሁ መሰለኝ። «ላሚቱ መድፍ የላትም።»

«እኔ!» አለች ልጄ። ጮኻ ነው ያለችው፤ እንደ ሕፃን። ከዚያ አፍራ «እኔ ጌታዬ» ብላ ደገመችው።

ኧረ የጉድ ያለህ! እኔማ ሦስት ቀን በገንኩ። አሥራ አንድ ዓመት ለፍታ፣ ሌተናንት ሆና፣ ውሃ ልታመላልስ! የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ልጅሽ ምን አገኘች?» ሲለኝ «መርከብ» ብዬ ቶሎ እገባለሁ። እሷ ግን ወለሉን እየረገጠች ወጥ ቤት ውስጥ ትጨፍራለች፣ አባቷን እጁን ይዛ ታሽከረክረዋለች፣ ዝምተኛው ሰውዬ ሲስቅ ጥርሱ ሲታይ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። «እማዬ፣ መርከብ እኮ አለኝ!» ትለኛለች። «ጀልባ!» እላታለሁ። «ጅራት አላት፤ ጅራት ያላት መርከብ ናት!» ትለኛለች። በምን ልመልስ? የሰፋኋት እኔ።

በአራተኛው ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝና አሳየችኝ። ላሚቱን ፍቃ፣ ዝገቷን አራግፋ፣ እንደ ሌሎቹ መርከቦች ግራጫ ቀብታታለች። ቀለሙ ስላልደረቀ ቀሚሴን ነካኝ። ቱቦዎቹ በሥርዓት ተጠቅልለዋል፤ የሞተሩ ክፍል ወለል ላይ ልብላ ብትሉ ትበላላችሁ። የላሚቱ አሮጌ መካኒክ ከሞተሩ ክፍል ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ልጅዎ መጥረጊያዎቹን ሁሉ ከመርከቧ አስወረደች፤ አሁን በምን እንደምጠርግ አላውቅም» አለኝና ሳቀ። ልጄ መሪውን ይዛ ቆመች። እጇ ሲያርፍበት አየሁ። ያኔ ብስጭቴ ሁሉ ከላዬ ወረደ፤ እልል ልል አፌን ከፈትኩ፣ ግን መርከቧ ስትወዛወዝ ሆዴ ተገለበጠና ወደ ምድር ሮጥኩ።

የምትወጣበት ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሰባተኛዋ ጠባቂ ከሦስት ቀን በፊት ወጥታለች፤ ላሚቱ ውሃ ይዛ እሷን ተከትላ መሄድ አለባት። ወደብ መጥቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ መጣ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ራሱ መዝገቡን ይዞ መጥቶ ጅራቷ መሰቀሏን በዓይኑ አይቶ ፈረመ። ኮማንደር ሢሶ መጡ። ባሏ ሰባተኛዋ ላይ ያለች አንዲት ጎረቤቴ «ውሃ ይዘሽልኝ ሂጂ እንጂ፣ ቆሻሻውን ልብሱንም መልሽልኝ!» እያለች ለልጄ ትጮሃለች። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ ያለ መጠን ተንሰፍስፌያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነዋ!

ልጄ ከመውጣቷ በፊት መጥታ አቀፈችኝ። «በርቺ» አልኳት፤ «አራት ወር እንደሆን ይሄዳል። አራት ወር ባሕር፣ ከዚያ ጥገና ስትገቢ ቤትሽ ትተኛለሽ፣ ከዚያ ልምምድ...»

«እማዬ» አለች፤ «እኔ እኮ ተራ የለኝም። አንድ ብቻ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንዷ መርከብ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ ውሃ ግን ሁሉም ይፈልጋል። እኔ መጥቼ እሞላለሁ፣ ወዲያው እመለሳለሁ። መሙላት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ስድስት ሰዓት አብረን እንሆናለን።» ጉንጬን ሳመችና ሮጣ ወጣች። ከላይ ሆና ትእዛዝ ስትሰጥ ሰማሁ፤ ያ አሰቃቂ ድምፅ እንዴት እንዳማረበት። ገመዱ ተፈታ።

እንዲህ ስል እውነቴን ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ወደብ ውስጥ ስሠራ፣ ሌላው ሰው ልጁን ሲሸኝ አጠገቡ ቆሜ ስውል፣ መርከብ ማለት የሚሄድ ነገር መሆኑ አንድም ቀን በእኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለልጄ መርከብ እለምን ነበር እንጂ መሄዷን አልለመንኩም። ላሚቱ ከወደቡ አፍ ስትወጣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የኮማንደር ሢሶን እጅጌ ያዝኩ።

«ኮማንደር፣ እነዚያ ሁለቱ እህቶቿ የሚመጡት መቼ ነው?»

«በፕላኑ አምስተኛ ዓመት ላይ ናቸው እትዬ» አሉኝ።

«ወደ አንደኛው ዓመት ያምጧቸው።»

«እትዬ፣ ዕድገት ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ ጠባቂዎቹ...»

«አውቃለሁ! የእርስዎን ሰንጠረዥ ከእርስዎ በላይ አውቀዋለሁ!» ድምፄ ተሰባበረ። ሰው ዞሮ አየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። «ልጄን ለሦስት ይክፈሏትና አንዷን ለእኔ ይስጡኝ።»

ኮማንደሩ ሊስቁ ጀምረው ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ቦርሳቸውን ከፍተው ፕላኑን አወጡና ገመድ ማሠሪያው ብረት ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እርሳስ አወጡ። «እስቲ ቀስ ብለን እንየው» አሉኝ፤ «ከአንደኛው ዓመት ምን እንደሚወጣ።»